ሶሎው ሲጀመር ዜማው የት ይገባል?

ጥያቄው እንዲህ ነው። «ጋሼ፣ የጃዝ ፕሮግራምዎን መስማት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለውን ዜማ እወደዋለሁ፣ አብሬም አንጎራጉራለሁ። ሳክስፎኑ ሶሎ ሲገባ ግን ይጠፋብኛል። አምስት ስድስት ደቂቃ ግራ ተጋብቼ ከቆየሁ በኋላ ድንገት ዜማው ይመለሳል፣ ሁሉም እኩል ገብተው እኩል ያቆማሉ። መሀል ላይ ያለው ምንድን ነው? የሚከተሉት ነገር አለ ወይስ የመጣላቸውን ነው የሚነፉት? የመጣላቸውን ከሆነስ እንዴት እኩል ይመለሳሉ?»

ወንድሜ፣ የመጨረሻዋ ጥያቄህ ውስጥ መልሱን ራስህ ይዘኸዋል። እኩል የሚመለሱት መጀመሪያውኑ ስላልሄዱ ነው። ዜማው ይቆማል እንጂ ዘፈኑ አይቆምም።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ጃዝን የሚተወው ልክ አንተ ያልክበት ቦታ ላይ ነው። ሶሎው ሲገባ «አሁን ደግሞ ጀመረው» ይልና ጣቢያ ይቀይራል። አንተ አልቀየርክም፣ ዓመት ሙሉ ግራ እየገባህ ሰምተሃል። ይህ ትዕግሥት ነው፣ ግን ያለ ምክንያት ነው የደከምከው።

አንተ የምታንጎራጉረው ዜማ ከሥሩ የኮርድ ተራ አለው፣ ኮርድ ማለት አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች ናቸው። ፒያኖውና ባሱ የሚጫወቱት እሱን ነው። ርዝመቱም የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ ወይ 12 ባር ወይ 32 ባር ይሆናል፣ አንዱ ባር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አራት ምት ነው። ዜማው ተጫውቶ ሲያልቅ ያ የኮርድ ተራ ከአንድ እንደገና ይጀምራል፣ በዚያው ርዝመት፣ በዚያው ፍጥነት። የተለወጠው ከላይ ያለው ብቻ ነው። ዜማው የነበረበት ቦታ ይለቀቅና ሳክስፎኒስቱ እዚያ ላይ የራሱን ዜማ እዚያው በዚያው ይፈጥራል። 32ኛዋ ባር ስታልቅ ደግሞ ከአንድ። ሁለተኛ ዙር፣ ሦስተኛ ዙር። ትራምፔቱም ሲረከበው አብዛኛውን ጊዜ ከዙሩ መጀመሪያ ነው የሚረከበው፣ ፒያኖውም ተራው ሲደርስ እንዲሁ። ሙዚቀኞች አንዱን ዙር «ኮረስ» ይሉታል። ከአዝማች ጋር እንዳታምታታው። አዝማች የዘፈኑ አንድ ቁራጭ ነው፣ ጃዝ ላይ ኮረስ ሲሉ ግን ሙሉውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለታቸው ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ራዲዮ ላይ ሰዓት ሞልቶ ዜና ሲገባ አንድም ሰከንድ ማለፍ የለም። ጀማሪ እያለሁ አንድ ቀን ዜና ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ድምፁን ቀስ አድርጌ ዝቅ ዝቅ አደረግሁትና አጠፋሁት፣ በጣም ያማረ አወጣጥ መስሎኝ። ወዲያው የስቱዲዮው ስልክ ጮኸ። አንድ አዛውንት ናቸው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ሰውየውን አራት ባር ሲቀረው አፉን ዘጋኸው» አሉኝና ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ተናደድኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ዲስኩን ደግሜ ሰማሁት፣ እውነታቸውን ነው። ዙሩ ሊያልቅ ሲል፣ ሶሎኛው የጀመረውን ሐሳብ ሊቋጨው ሲል ነበር የቆረጥኩት። አማርኛ ላይ ግሱ መጨረሻ ነው የሚመጣው አይደል? ሰውየውን ግሱ ላይ ሳይደርስ ነው ያቋረጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ሥር በጣቴ እቆጥራለሁ። ሥራዬም ነው። አንዱ ዙር 50 ሰከንድ ከሆነ፣ ዜና ሊገባ ሦስት ደቂቃ ቀርቶ ከሆነና ፒያኖው ገና ሶሎ ከገባ፣ እሱ አንድ ዙር ይወስዳል፣ ባሱ አንድ ይወስዳል፣ ከዚያ ዜማው፣ ከዚያ ስሜን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይተርፈኛል ብዬ አሰላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል። ሶሎኛው ሳይታሰብ አንድ ዙር ሲጨምር ግን ያልበኛል።

እንግዲህ ከቀላሉ እንነሳ፣ ከብሉዝ። ብሉዝ 12 ባር ነው። ሲዘፈን ዘፋኙ አንድ መስመር ይላል፣ ያችኑ መስመር ይደግማታል፣ ከዚያ በሦስተኛው መስመር ይቋጫል። ለእያንዳንዱ መስመር አራት አራት ባር። ኮርዱም ከዚህ ጋር ይሄዳል። አራት ባር ቤቱ፣ ማለት የመጀመሪያው ኮርድ ላይ፣ ይቀመጣል፣ አምስተኛዋ ላይ ወደ ሁለተኛው ኮርድ ይነሳል፣ ሰባተኛዋ ላይ ይመለሳል፣ ዘጠነኛዋ ላይ ደግሞ ሦስተኛው ኮርድ ይመጣና ወደ ቤት ይገፋዋል። በጃዝ ሙዚቀኞች ብዙ ኮርድ ይጨምሩበታል፣ አምስተኛዋና ዘጠነኛዋ ላይ ያለው መታጠፊያ ግን ይቆያል። ያችን አምስተኛ ባር ጆሮህ ከለመዳት ብሉዝ ላይ ሁለተኛ አትጠፋም።

ይህች አጭር ዙር ምን ልትሸከም እንደምትችል ማወቅ ከፈለግህ የ1956ቱን የአሜሪካውን የኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል ስማ (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው)። ፒያኒስቱና የባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን ባንዱን ይዞ ወጥቷል። በ1937 የጻፈውን ሁለት ክፍል ያለው ብሉዝ ይጫወታል፣ በሁለቱ መሀል ደግሞ ቴነር ሳክስፎኒስቱ ፖል ጎንሳልቬስ ሶሎ ይገባል። 27 ዙር ተጫወተ። 12 ባር በ27፣ 324 ባር ማለት ነው። ከሥሩ ያሉት ባስና ድራም ከመስመር ንቅንቅ አላሉም፣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነስቶ ይጨፍራል፣ ኤሊንግተን ከፒያኖው ይጮህለታል። «የመጣለትን የሚነፋ» ሰው 27 ጊዜ ከአንድ ጀምሮ አሥራ ሁለት ላይ አያርፍም። እንደ ራዲዮ ሰው የምወዳት ነገር ደግሞ እዚያው አለች። ጎንሳልቬስ የተጫወተው ለዲስኩ በተዘጋጀው ማይክሮፎን አልነበረም፣ በቪኦኤ ማይክሮፎን እንጂ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዲስክ ላይ ከሩቅ ነው የሚሰማው። የራዲዮው ቴፕ ብዙ ዓመት ቆይቶ ተገኘና በ1999 ከዲስኩ ቅጂ ጋር ተገጣጥሞ ወጣ። ከቻልክ የዚያን ዓመቱን እትም ፈልግ፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ሁለተኛው ቅርጽ 32 ባር ነው። አራት ስምንት ባር ሆኖ ይከፈላል። የመጀመሪያው ስምንት አንድ ሐሳብ ነው፣ ሁለተኛው ስምንት ያው ሐሳብ ተደግሞ ነው፣ ሦስተኛው ሌላ ነው፣ አራተኛው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሀ-ሀ-ለ-ሀ በለው። «ለ» የምንለውን ሙዚቀኞች «ብሪጅ» ይሉታል፣ ድልድዩ። ለአንተ ትልቁ ወዳጅህ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሦስቱ «ሀ» ስለሚመሳሰሉ መሀላቸው ትጠፋለህ፣ ብሪጁ ሲመጣ ግን የት እንዳለህ ወዲያው ይገባሃል።

አሁን አንድ ሥራ እንያዝ፣ «ሶ ዋት»ን። የትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አልበም ላይ የመጀመሪያው ነው፣ በመጋቢት 2 ቀን 1959 ኒው ዮርክ ውስጥ የተቀረጸ። ይህን የመረጥኩት ኮርዱ ሁለት ብቻ ስለሆነ ነው ማለት ይቻላል። «ሀ» በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ብሪጁ ደግሞ ያንኑ ነገር ግማሽ ድምፅ ከፍ ያደርገዋል፣ ከዚያ ይወርዳል። ሌላ ነገር የለውም። መጀመሪያ ፒያኖና ባስ ያለ ምት የሚንሳፈፍ ነገር ይጫወታሉ፣ እሱን እለፈው። ከዚያ ፖል ቼምበርስ በባሱ ዜማውን ይጀምራል። አዎ፣ እዚህ ዜማውን የያዘው ባሱ ነው፣ ሌሎቹ ይመልሱለታል። ባሱ ይጠይቃል፣ እነሱ በሁለት ድምፅ «ሶ ዋት» እንደማለት ይመልሳሉ። ይህን ጥያቄና መልስ እየሰማህ ቁጠር። ሁለቱ «ሀ» አንድ ላይ 28 ሰከንድ ገደማ ይሄዳሉ። ከዚያ ወለሉ ድንገት በአንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ብሪጁ ነው። 14 ሰከንድ ያህል እዚያ ይቆይና ይወርዳል፣ ሌላ 14 ሰከንድ። አንዱ ዙር በጠቅላላው አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ከዚያ ድራመሩ ጂሚ ኮብ ሲምባሉን አንዴ በኃይል ይመታል፣ ድምፁም ተዘርግቶ ይቀራል፣ ማይልስም ይገባል። አንተ የምትጠፋው እዚህ ጋ ነው። ዛሬ ግን ትራምፔቱን አትስማ። ጨክን። ባሱን ስማ። ቼምበርስ ጥያቄውን ትቶ በእያንዳንዱ ምት አንድ አንድ ድምፅ እየረገጠ መራመድ ጀምሯል፣ ወለሉ ግን ያው ነው። ስምንት ባር፣ ሌላ ስምንት ባር፣ ከዚያ ያ ከፍታ መጣ። ማይልስም አብሮ ሲወጣ ትሰማዋለህ። ወረደ። አንድ ዙር አለቀ። ማይልስ እንዲህ ሁለት ዙር ተጫውቶ ይለቃል። በቴነር ሳክስፎን ጆን ኮልትሬን ይገባል፣ እሱም ሁለት። በአልቶ ሳክስፎን ካነንቦል አደርሊ፣ ሁለት። ፒያኖው ላይ ቢል ኢቫንስ አንድ ዙር፣ እሱ ሲጫወት ደግሞ ነፊዎቹ ያችኑ «ሶ ዋት» ከኋላው ይሉለታል። ከዚያ ባሱ ወደዚያው ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመለሳል። ሰባት ዙር ቆጥረህ ስምንተኛው ላይ ዜማው ሲመጣ አትደነግጥም፣ መምጫውን ታውቀው ነበር።

ቆጠራው ለጊዜው ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆጠርክ በኋላ ጆሮህ ራሱ ይይዘዋል። ከመቁጠር የሚሻል ዘዴም አለ። ሶሎው ሲገባ ዜማውን ማንጎራጎርህን አታቁም። መግቢያው ላይ ካንጎራጎርከው ከአንድ ጀምረህ እንደገና በለው፣ ሳክስፎኑ ከላይ ሌላ ነገር እያደረገ። መጀመሪያ ይረብሽሃል፣ ሁለት ሬዲዮ አንድ ላይ እንደተከፈተ ያህል። ትንሽ ቆይቶ ግን የሚገርም ነገር ታያለህ፣ ዜማህ ከኮርዱ ጋር ይገጥማል፣ የሶሎኛው ሐሳብም ያንተ ሐረግ በሚያልቅበት አካባቢ ትንፋሽ ሲወስድ፣ አንዳንዴ ሆን ብሎ ሲያልፈው ትሰማለህ። መጥፎ ድምፅ ካለህ በሆድህ በለው።

ሙዚቀኞቹም ያንኑ ነው የሚያደርጉት። ሳክስፎኒስቱ ዴክስተር ጎርደን ዝግ ያለ ሥራ ሊጫወት ሲል በዚያ ወፍራም ድምፁ የግጥሙን መጀመሪያ ለሕዝቡ ያነብ ነበር፣ ከዚያ ቴነሩን ያነሳል። ሳክስፎን ቃል የለውም፣ እሱ ግን ቃሉን ይዞ ነው የሚነፋው። ዘፋኟ ኤላ ፊትዝጄራልድ ደግሞ በ1960 በርሊን መድረክ ላይ «ማክ ዘ ናይፍ»ን ስትዘፍን ግጥሙ መሀል ላይ ጠፋባት። ሌላ ሰው ቢሆን ያቆማል። እሷ «ቀጣዩ ምን ነበር?» የሚለውን ራሱን ግጥም አድርጋ፣ ዘፈኑን ቀድመው የሠሩትን ሰዎች ስም እየጠራች፣ ሉዊ አርምስትሮንግን በጎርናና ድምፅ እየመሰለች እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ባንዱ አንዲት ምት አልሳተም። በዚያ ቅጂ ግራሚ አገኘችበት። ቃሉ ጠፋባት እንጂ ዙሩ የት እንደደረሰ አንዴም አልጠፋባትም።

ዜማው ጨርሶ የማይመጣበትም ጊዜ አለ፣ ያኔ አትናደድ። ሳክስፎኒስቱ ኮልማን ሆኪንስ በ1939 «ቦዲ ኤንድ ሶል»ን ሲቀርጽ የዜማውን መጀመሪያ ትንሽ ነካ አድርጎ ተወው። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ሁለቱ ዙር እስኪያልቅ፣ የራሱ ነው። ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው፣ ያኔ የነበረው ሸክላ ከዚያ ብዙም አይዝም ነበር። በነገራችን ላይ ለጀማሪ እነዚህን አጫጭር ሥራዎች እመክራለሁ። ረጅሙ ሸክላ ከመጣበት ከ1948 በፊት የተሠሩት ሰዓት ስለሌላቸው አንድ ዙር ወይም ግማሽ ዙር ይጫወቱና ይለቃሉ። ወሬ አያበዙም። ለኔ ጆሮ የሆኪንስ ሁለት ዙር፣ በኋላ ከተሠሩት ብዙ የ20 ደቂቃ ሶሎዎች ይበልጣል፣ በዚህ የሚጣላኝ ካለ ይምጣ።

ሌላም ተንኮል አለ። አንዳንዴ አዲስ ዜማ ሰምተህ «ይህን የት ነው የማውቀው?» ትላለህ። የምታውቀው ዜማውን ሳይሆን የሥሩን ኮርድ ነው። ጆርጅ ገርሽዊን በ1930 የጻፈው «አይ ጋት ሪዝም» የሚባል ዘፈን አለ፣ ከዚያ ወዲህ ኮርዱን ያልተዋሰ የለም። መጀመሪያ 34 ባር ነበር፣ ሙዚቀኞቹ ጭራውን ቆርጠው 32 አደረጉት። የኤሊንግተን «ኮተን ቴይል» እሱ ላይ ነው የቆመው፣ የሳክስፎኒስቱ የቻርሊ ፓርከር ብዙ ሥራዎችም እንዲሁ። የቅጂ መብት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ዜማን እንጂ የኮርድ ተራን አይደለም፣ ስለዚህ በድሮ ኮርድ ላይ አዲስ ዜማ ብትጭን ሥራው የራስህ ነው። ፓርከር በ1945 «ኮ-ኮ»ን ሲቀርጽ ከሥሩ ያለው «ቼሮኪ» የሚባል የሌላ ሰው ዘፈን ነው። ከስቱዲዮው ቅጂዎች አንዱ ላይ የቼሮኪን ዜማ ሲጀምሩ ይሰማና ወዲያው ያቋርጧቸዋል። ዜማው ቀረ፣ ኮርዱ ቀጠለ።

«እንዴት እኩል ይመለሳሉ» ላልከው ደግሞ ዙሩን ሁሉም በሆዱ ስለያዘ ነው፣ የቀረው ምልክት ብቻ ነው። መጨረሻ አካባቢ ብዙ ጊዜ ከድራመሩ ጋር አራት አራት ባር ይቀባበላሉ። ሳክስፎኑ አራት፣ ድራሙ ብቻውን አራት፣ ትራምፔቱ አራት፣ ድራሙ አራት። ይህን ስትሰማ ዜማው እየመጣ ነው ብለህ ተዘጋጅ። እኔም ያኔ ነው ማይክሮፎኔን የማስተካክለው። መድረክ ላይ ከሆነ ደግሞ የባንዱ መሪ በጣቱ ጭንቅላቱን ይነካል። ሙዚቀኞች ዜማውን «ሄድ» ነው የሚሉት፣ ራስ፣ ጭንቅላት ማለት ነው። ራሱን ሲነካ ያየ ሰው ራሱን አሞታል ሊል ይችላል፣ «ወደ ዜማው» ማለቱ ነው።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ብቀር ትታዘበኛለህ። ዙር የሌለውም ጃዝ አለ። ሳክስፎኒስቱ ኦርኔት ኮልማን በታኅሣሥ 1960 ሰባት ሙዚቀኞች ይዞ ስቱዲዮ ገባና ስምንት ሆነው 37 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ተጫወቱ። አራቱ በግራ በኩል፣ አራቱ በቀኝ። አልፎ አልፎ አብረው የሚጫወቱት አጭር ነገር አለ፣ ከዚያ ውጭ 12ም የለ 32ም የለ፣ የሚዞር ኮርድ የለም። እዚያ ብትቆጥር ትቆስላለህ። በኢርፎን ስማው፣ መጀመሪያ የግራውን ጆሮ ብቻ አድርገህ።